ከጎተራ እስከ ገበታ፦ ምግብና የሰው ቁጥር በምዕራብ ሸዋ

ስለ ረሃብና ስለ ሕዝብ ቁጥር ሲጻፍ ብዕራችን ቶሎ ብሎ የሚሮጠው ወደ ወሎ፣ ወደ ትግራይ፣ ወደ ሐረርጌ ነው። ድርቅ በተመላለሰበት አገር ጉዳዩ አፍጥጦ ይታያል። የምዕራብ ሸዋ ስም በዚህ ወሬ ውስጥ እምብዛም አይነሳም። ከሆለታ እስከ ባኮ ያለው አገር «ትርፍ አምራች» ከሚባሉት አንዱ ነው። ክረምቱ ብዙ ጊዜ አይቀርበትም፤ የግንጪ ጤፍ፣ የጀልዱ ገብስና ድንች፣ የጉደር ሽንኩርት፣ የባኮ በቆሎ በየወቅቱ አዲስ አበባ ይገባል። ጥያቄው ጠንክሮ የሚፈተነውም እዚህ ነው። እህል በማይጠፋበት አገር የሰውን ቁጥር፣ ዕድሜና ቁመት የሚወስነው ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 የሰው ልጅ ከምግቡ ፈጥኖ ይበዛል፣ ከዚያም ረሃብና በሽታ መጥተው ቁጥሩን ወደ ምግቡ ልክ ያወርዱታል ብሎ ጻፈ። ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤስተር ቦስረፕ ደግሞ በ1965 ነገሩን ገለበጠችው። ሰው ሲበዛ መሬት ይጠባል፤ መሬት ሲጠብ ገበሬው ጦም የሚያድረውን ማሳ ማረስ፣ ፍግ መበተን፣ ደጋግሞ መዝራት ይጀምራል፤ ምግቡም ይጨምራል አለች። ተማሪዎች እስከ ዛሬ በእነዚህ ሁለት ጎራዎች ተከፍለው ይሟገታሉ። ከአምቦ ሆኖ ሲታይ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግን ሁለቱም በሬውን ረስተዋል። ባለመሬቱንም እንዲሁ።

በሬ ያለበትና የሌለበት አገር

የደጋው እርሻ በጥማድ በሬ የቆመ ነው። ጤፍ በተለይ ለስላሳ ማሳ ይወዳል፤ ደጋግሞ ካልታረሰና ካልለሰለሰ አረሙ ይውጠዋል። የግንጪ ጥቁር አፈር ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ ድንጋይ መስሎ ይሰነጠቃል፤ በደካማ በሬ የሚገፋ አይደለም። ስለዚህ መሬት ኖሮት በሬ የሌለው ሰው እንጀራ አለው ለማለት አያስደፍርም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች መቀናጆ ገብተው ተራ በተራ ማረሳቸው፣ ምንም የሌለው ደግሞ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል መስጠቱ ከዚህ የመጣ ነው። በሬ የሌለው ዘግይቶ ይዘራል፤ ዘግይቶ የተዘራ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። አንድ ቤት የሚያሳድገው ልጅ ቁጥር ሳይቀር በበረት ውስጥ ይወሰን ነበር ማለት ነው።

ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ በደንዲና በወንጪ ተራሮች በኩል ሲኬድ ሌላ ዓይነት ኑሮ ይታያል። በየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል። እንሰት በእጅ ይተከላል፣ በእጅ ይፋቃል፣ ቆጮው ጉድጓድ ገብቶ ወራት አልፎም ዓመት ይቆያል። ከጉራጌ እስከ ሲዳማ እጅግ የተጠጋጋ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ የኖረው በእንሰት ነው፤ በመላ አገሪቱ ኑሮው በእንሰት ላይ የተደገፈ ሰው ከ20 ሚሊዮን ያልፋል ይባላል። በዝናብ መዛባት የተጎዳ እንሰት እንደ ጤፍ በአንድ ጊዜ አያልቅም። ግን እንሰትን «ከብት የማይፈልግ ተክል» ማድረግም ስሕተት ነው። ፍግ ካልጠጣ አይሰባም፤ ቆጮም ያለ ወተትና ያለ ጎመን ሆድ እንጂ አካል አይሞላም።

በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፣ ከኖኖ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ተቃራኒው ይታይ ነበር። መሬቱ ለምለም፣ ውሃው ቅርብ፣ ሰው ግን የሳሳ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ ሰውን ወባ፣ በሬውን ገንዲ ይጥላል። በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ወደ ሸለቆው ከገባ ገበሬው በሬውን ቀብሮ ወደ ደጋ ይመለሳል። ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ በጊቤ ሸለቆ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተከታተሉት ይህንኑ ነው። በሽታው በሬውን ሲጨርስ የታረሰው መሬት ጠበበ፤ በ1990ዎቹ ዝንቡን መቆጣጠር ሲጀመር ማሳውም ሰፋሪውም በዛ።  የአገራችን ሕዝብ ለምን ደጋ ላይ ተከማቸ ለሚለው አሮጌ ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ የበሬ ጤና ነው።

ክፉ ቀን

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተፈተነው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን ነበር። ለጣልያን ጦር ከሕንድ የመጡ ከብቶች በምጽዋ በኩል ደስታ በሽታን ይዘው ገቡ። ይህን በሽታ ከዚያ በፊት ያላየ የከብት ዘር ነበርና ወደ ደቡብ ሲወርድ የሚያቆመው አልተገኘም። ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶ ያህሉ አለቀ ተብሎ ይገመታል። በዚያው ወራት ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ፤ የተራበውን ሰው ደግሞ ፈንጣጣና ተቅማጥ ጠረገው። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አልቋል የሚለው ግምት በብዙ መጻሕፍት ይደጋገማል። ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን የተሰጠ ግምት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሚዛን ልክ መያዝ አይገባም፤ የመዓቱን ስፋት ግን የሚጠራጠር የለም።

ዋናው ነገር የእልቂቱ አሠራር ነው። ዝናቡ ተመልሶም ረሃቡ አልለቀቀም። መሬት አለ፣ ዝናብ አለ፣ ሰው አለ፤ የሚያርስ በሬ የለም። ዘሩም ተበልቷል። አፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው፣ መኳንንቱ የዶማ ሥራን እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ተብሎ የተጻፈው ለዚህ ነው። በማልተስ ስሌት ብንሄድ ሰው ሲያልቅ ለተረፈው ምግብ መብዛት ነበረበት። እዚህ የሆነው ግን ሰውም፣ በሬም፣ ዘርም አብረው መጥፋታቸው ነው፤ የተረፈው ሰው ከቀድሞው ያነሰ አረሰ።

ሁለት ነገሮች ከዚያ ዘመን ወጥተው እስከ ዛሬ ዘልቀዋል። አንደኛው ድንች ነው። ጀርመናዊው የእጽዋት ሊቅ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል፤ ገበሬው ግን ለአሥርት ዓመታት ብዙም አልተቀበለውም ነበር። በደጋው የተስፋፋው በዚያ ረሃብ ምክንያት ነው። ያለ በሬ በዶማ ይተከላል፣ በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል። ሁለተኛው የሰው ፍልሰት ነው። ሠራዊት ቀለብ ፍለጋ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተንቀሳቀሰ። በአገሪቱ የኋላ ካርታ ላይ ከፖለቲካው ጎን የረሃቡም እጅ አለበት።

ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። በእኛ አገር ይህን ዜና ያከበረው ሰው ጥቂት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እህሉ በማን ጎተራ?

ከክፉ ቀን በኋላ ከብቱ ቀስ በቀስ ተራባ፣ ማሳው ተመለሰ። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ግን ካመረተው ስንቱን ይበላል የሚለው ጉዳይ ከዝናብ ይልቅ በመሬት ሥሪቱ ተያዘ። ከምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ መሬቱ ለባለሥልጣን፣ ለነፍጠኛና ለባላባት ተደለደለ፤ አራሹ ጭሰኛ ሆነ። እንደየውሉ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ይሰጣል፤ በዚያ ላይ አስራት፣ የጉልበት ሥራና መተያያ አለ። አሥር ዳውላ ያገባ ሰው አምስቱን ሰጥቶ፣ ዘር ቀንሶ፣ በቀረው ክረምትን ይሻገራል። ምርጥ ማሳ ላይ ተቀምጦ ሐምሌ ላይ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ሰው የተፈጠረው እንደዚህ ነው። አውድማው ላይ የነበረው እህል ለቤቱ ይበቃ ነበር፤ ጎተራው ውስጥ የገባው ግን አልበቃም።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን በአንድ ቀን ሰረዘው። ለጥቂት ዓመታት ገበሬው ከድሮው የበለጠ እንደበላ፣ ለከተማ የሚተርፈውም እንደቀነሰ በዘመኑ የተጻፉ ጥናቶች ይናገራሉ። ብዙ አልቆየም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያው በወረደ ዋጋ ኮታ ይሰበስብ ጀመር። እህል ከአውራጃ አውራጃ እንዳይሻገር ኬላ ቆመ። ከግንጪ ጤፍ ይዞ አዲስ አበባ መግባት በኮንትሮባንድ የሚያስይዝ ሥራ ሆነ። ኮታና ኬላ የተነሡት በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነው።

የሕንዱ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ድህነትንና ረሃብን በሚመለከተው መጽሐፉ ከመረመራቸው ረሃቦች አንዱ የ1965–66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ነው። በዚያ ጊዜ በአገር ደረጃ የምግብ መጠን ያን ያህል አልወደቀም፤ ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው ብዙ አልናረም፤ ሰው የሞተው የሚገዛበት ስላጣ ነው አለ። እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። የጂኦግራፊ ሊቁ መስፍን ወልደ ማርያምም ስለ ገጠሩ ለረሃብ መጋለጥ በጻፉት መጽሐፍ ገበሬውን ለጉዳት ያጋለጠውን ሥርዓት ከድርቁ አስቀድመው ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ለምዕራብ ሸዋ ታሪክ ከማልተስ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ይቀርባሉ።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ምዕራብ ሸዋን በሌላ በኩል ነካው። መንግሥት ከሰሜንና ከሌላም ቦታ ወደ 600 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ወለጋ ከዋነኞቹ መድረሻዎች አንዱ ነበረች፤ የወለጋም መንገድ በአምቦ ነው። ረሃብ ሰውን ከመግደሉ ሌላ እንዲህ ከቦታ ቦታ ያዛውራል፤ ዛሬ በየአካባቢው ማን ከማን ጎን እንደሚኖር ስንጠይቅ የዚያን ጊዜ መልስ እናገኛለን። በሰፈራው ብዙ ሰው በወባና በችግር መሞቱም አይዘነጋም።

ከባኮ፣ ከሆለታና ከኦሎንኮሚ

በዚህ ዞን የምግብ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስደስተኝ ክፍል የዘሩ ነው። በሌላው አገር «አረንጓዴ አብዮት» ሲባል ሜክሲኮና ፑንጃብ ይነሳሉ፤ የእኛው ትንሽ አብዮት ባኮ ምርምር ማዕከል ላይ ተፈልፍሏል። ገበሬው «ቢ ኤች» የሚለው የበቆሎ ዘር የባኮ ድቃይ ማለት ነው። ቢ ኤች 140 እ.ኤ.አ. በ1988፣ ቢ ኤች 660 በ1993፣ ቢ ኤች 540 በ1995 ወጡ። በተለይ 660 በምርምር ጣቢያ በሄክታር ከ90 ኩንታል በላይ የሚሰጥ፣ ቁመቱ ከፈረሰኛ የሚበልጥ ዘር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሚባለው ድርጅት ሠርቶ ማሳያ ጀመረ፤ መንግሥትም አሠራሩን ወስዶ በማዳበሪያና በብድር አስፋፋው። ዛሬ በማሳ ስፋት ጤፍ ቀዳሚ ቢሆንም በምርት መጠን የአገሪቱ አንደኛ እህል በቆሎ ነው። እሸቱ ደግሞ ጤፍ ገና በሜዳ ላይ ሳለ፣ በነሐሴና በመስከረም ይደርሳል፤ የክረምቱን ጫፍ ያሻግራል።

የዚህ ድል ሌላ ገጽ በ1994 ዓ.ም. ታየ። ሁለት ጥሩ ዓመታት ተከታትለው በቆሎው ሲትረፈረፍ ዋጋው ወድቆ ወደቀ። የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል ያቃተው ገበሬ በዝቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን ቀነሰ። በዚያው ዓመት ዝናብ ሲዛባ በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ለእርዳታ እጁን ዘረጋ። ከመትረፍረፍ እስከ ልመና አንድ ዓመት ብቻ። መጋዘን፣ መንገድና ገዢ ሳይዘጋጅ ምርት ብቻ ማብዛት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የጀልዱ ድንች ሌላ ታሪክ አለው። በአየርላንድ ድሃው ሕዝብ በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ተንጠልጥሎ ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በ1845 ቅጠሉን በጥቂት ቀን የሚያጠቁረው በሽታ ገባ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከዚያ የማያንስ ተሰደደ፤ በዚያ መሐል እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ያው በሽታ በጀልዱ ክረምትም አለ። ልዩነቱ የሆለታ ምርምር ማዕከል ጃለኔ፣ ጉዴኔ፣ በለጠ የተባሉ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በየተራ ማውጣቱ፣ የጀልዱ ገበሬዎችም በማኅበር ተደራጅተው የዘር ድንች ለሌላው አገር እስከ ማቅረብ መድረሳቸው ነው። ከሁሉም በላይ ግን የጀልዱ ሰው ድንች ብቻ አይበላም። ገብስና ባቄላ አለው፤ የአየርላንዱ ድሃ ያልነበረው እሱ ነበር።

ከአዲስ ዓለምና ከግንጪ መሐል ኦሎንኮሚ አለች። እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለደው ገቢሳ እጄታ የዚህች መንደር ልጅ ነው። እናቱ መማር አለብህ ብላ፣ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ዓርብ እየተመለሰ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ከጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ፣ ከዚያም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ሱዳን ሳለ ያወጣው ድርቅ የሚቋቋም ድቃይ ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ቀረበ። ኋላም አቀንጭራ የማያሸንፈው ማሽላ አወጣ። አቀንጭራ የማሽላን ሥር ጠብቶ የሚያደርቅ ጥገኛ አረም ነው፤ ብዙ የአፍሪካ ገበሬ ማሳውን ጥሎለት ተሰዷል። ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። ሥራው ከማንም በፊት የጠቀመው ከትውልድ መንደሩ ርቆ ያለውን የማሽላ አገር ነው፤ ከጤፍ አገር የወጣ ልጅ የቆላውን ሰው ቁጥር አተረፈ ማለት ይቻላል።

ስንት ሆንን? ለምን?

በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1987 ያለ ኤርትራ 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋ። በዚሁ በ1999 ቆጠራ ምዕራብ ሸዋ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 140 ሰው ገደማ። አምቦ ከተማ ከ48 ሺህ ትንሽ ያልፍ ነበር። አስከፊው ረሃብ የደረሰው በ1977 ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ሩብ ምዕት ዓመት ሕዝቡ ይህን ያህል መጨመሩ ብዙ ሰው ያስገርማል። ረሃብ አስፈሪ ቢሆንም ለሕዝብ ቁጥር የሚያደርገው የረጅም ጊዜ ነገር አነስተኛ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው በየዓመቱ፣ በየቤቱ በዝምታ የሚሞተው ሕፃን ነው።

እዚህ ላይ በአውሮፓ የተደረገ ክርክር አለ። ሐኪሙ ቶማስ ማኪዮን የእንግሊዝ ሕዝብ የበዛው በሐኪም ሳይሆን በተሻለ ምግብ ነው አለ፤ ሌሎች የለም፣ በንጹሕ ውሃና በፍሳሽ ቦይ ነው አሉት። እ.ኤ.አ. በ1993 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮበርት ፎገል ደግሞ የጥንት ወታደሮችን ቁመት እያሰላ፣ የድሮው አውሮፓዊ ድሃ ሙሉ ቀን ለመሥራት የሚበቃ ምግብ እንኳ አልነበረውም ብሎ ጻፈ። ለኢትዮጵያ ከሁለቱም ያልተለየ መልስ ያለ ይመስለኛል። ከአንድ ሺህ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 166 ነበሩ፤ በ2016 67 ሆኑ። በዚያ መሐል ምርቱም ጨምሯል፤ ክትባቱም፣ አጎበሩም፣ በየቀበሌው የገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉ። የትኛው ስንቱን እንዳዳነ መለየት አስቸጋሪ ነው። በሚገባ የበላ ልጅ ግን ኩፍኝን ይቋቋማል፤ የተራበው አይቋቋምም። ስለዚህ መርፌውን ከገበታው ነጥሎ ማወዳደር ብዙ አያስኬድም።

እህሉ ውስጥ ያለው

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ልጆቹ አልሞቱም፤ ነገር ግን አላደጉም። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው ቀንጭረው ነበር፤ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወረደ። ጥሩ መሻሻል ነው። በክልል ሲታይ ግን እህል የሚትረፈረፍበት የአማራ ክልል በ46 በመቶ ከሁሉ የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ ኦሮሚያ ከአገሪቱ አማካይ ብዙ ያልራቀ 36 በመቶ ገደማ ላይ ነበር። ምንም የማያርሰው አዲስ አበባ ወደ 15 በመቶ ነበር። ጎተራና የልጅ ቁመት እንዲህ ተለያዩ። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት በቂና የተለያየ ምግብ ያገኙት በመቶ 7 ብቻ መሆናቸው አብዛኛውን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የረሃብን ዋጋ የሚያሰላ ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ 67 በመቶ በልጅነቱ የቀነጨረ ነው ብሎ ገምቷል። ጉዳዩ የጥቂት ድሆች ነገር አይደለም፤ የአገሪቱ ሠራተኛ ነው።

በቆሎ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን ለሕፃን አካል የሚያስፈልጉ ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል። በደቡብ አውሮፓና በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በቆሎ ብቻ የበላው ድሃ ቆዳው እየተላጠ፣ አእምሮው እየተዛባ በፔላግራ ሞቷል። ሜክሲኮዎች ግን በኖራ ውሃ ቀቅለው ስለሚያዘጋጁት አልታመሙም። ተመራማሪዎቹ ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጀሊና ቪዬጋስ ፕሮቲኑ የተሻለ በቆሎ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲካፈሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ባኮ የዚያን ዘር አገርኛ ድቃይ አወጣ። እንደ 660 አልተስፋፋም። ገበሬው በሚዛን ይሸጣል፤ የፕሮቲን ጥራት በሚዛን አይታይም፣ ዋጋም አያስጨምርም።

ጨውም አለ። የደጋ ሰው እንቅርት የኖረው በአዮዲን እጦት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤት ከመቶ 20 ያህል ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ደንብ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 89 ደረሰ። ማንም ሳያስተውለው የተገኘ ትልቅ ድል ነው። በወልካ መሬት ውሃ ከሸሸ በኋላ የሚዘራው ጓያ ደግሞ በችግር ዘመን ብቸኛ ምግብ ሲሆን እግር ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወሎ ደላንታ የደረሰው እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በ1999 ላንሴት መጽሔት ላይ ታትሟል። በሌላ ዓመት ግን ያው ጓያ ከሽሮና ከእንጀራ ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ድህነት ሌላውን ከገበታ ሲያነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያና የማላዊ ጥናት ደግሞ አንድ ዓይነት እህል በተለያየ አፈር ላይ የሚይዘው የሴሌኒየምና የዚንክ መጠን በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። ስለዚህ «ጤፍ ብረት አለው» ብሎ ማለፍ የማያስተማምን ነገር ሆኗል፤ የትኛው ጤፍ፣ ከየትኛው ማሳ?

ወተቱስ? ቤት ውስጥ ላም ያለው ልጅ ወተት በብዛት እንደሚጠጣና ቁመቱም እንደሚሻል በገጠር ኢትዮጵያ ተጠንቷል፤ ገበያ በሌለበት አገር ይህ ግንኙነት ይጠነክራል፣ ወተት በሚገዛበት አካባቢ ይላላል። ከሆለታ ወደ አዲስ አበባ በየማለዳው ወተት ይጫናል። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ እንቁላልና ሌላ ምግብ ሆኖ ካልተመለሰ ግን ልጁ ላሟን ያጣታል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾምበት የኦርቶዶክስ ቤትም አለ። ሕፃን አይጾምም፤ ቤቱ የሚያበስለው ግን አንድ ወጥ ነው።

ከተማና ማሳ

አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ያሠሩት አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስላለቀባት ዋና ከተማውን ሊያዛውሩ ነበር። ባሕር ዛፍ መጥቶ አዲስ አበባን አዳናት። ዛሬ ያ ዛፍ በወልመራና በጀልዱ የገብስ ማሳ ላይ ይቆማል፤ ከገብስ ይልቅ ይሸጣልና። ቤት ውስጥ ደግሞ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት የነደደበት ማሳ ፍግ አያገኝም። ከሆለታ አቅራቢያ የአበባ እርሻዎች ተተክለዋል፤ ሥራ ሰጥተዋል፣ መሬትም ወስደዋል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ግንጪ ላይ በተነሡት ተቃውሞዎች ውስጥ ከተማዋን ወደ ገበሬው ማሳ ያሰፋል የተባለው የአዲስ አበባ ዙሪያ ማስተር ፕላን ጉዳይ ከፍ ብሎ የተሰማው ለዚህ ነው። ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ከሥሩ ግን የማሳ ፍርሃት አለበት።

በኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት በዓመታዊ ሰብል የሚለማ ይዞታ ከግማሽ ሄክታር በታች እንዲሸነሸን አይፈቀድም። የግማሽ ሄክታሩን ሒሳብ እንመልከተው። አገር አቀፉ አማካይ ምርት በሄክታር ጤፍ ከ20 ኩንታል ያነሰ፣ በቆሎ 40 ገደማ ነው። ጤፍ ከሆነ አሥር ኩንታል የማይሞላ፣ በቆሎ ከሆነ 20 ኩንታል ማለት ነው። ለአንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል እህል ብንይዝ፣ የአምስት ሰው ቤት አሥሩን ይበላል። ጤፍ ያመረተው ለማዳበሪያ፣ ለዘይት፣ ለደብተር፣ ለጨው የሚሸጠው ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ ጤፉን ሸጦ በቆሎ ገዝቶ ይበላል። በብዙ ቤት የሚደረገውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኦሮሚያ እናት በአማካይ የምትወልደው ከአምስት ልጅ በላይ ነበር፤ የአዲስ አበባዋ ሁለት አይሞላም። ግማሽ ሄክታሩን ከወንድሞቹ አንዱ ይወርሰዋል። የቀሩት የወለጋን መንገድ ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይይዛሉ፤ እዚያም የሚሸምቱት እህል ከዚያው ከቀረው ወንድማቸው ማሳ የወጣ ጤፍ፣ ዋጋው በሦስት ነጋዴ እጅ ያለፈ ነው።